አማቴን ይዞ የሄደው ባቡር

— ሄሎ! ... ሄሎ፣ ሆዴ! ... እኔ ነኝ እንጂ፣ ማን ይሁንልሽ? ... ጮክ በይ፣ ሰማይ ላይ ሆኜ ነው የማናግርሽ ... ሰማይ ላይ! ... ኧረ በሕይወት አለሁ! የባቡር ጣቢያው ላይ ነኝ ማለቴ ነው። ያ ከመንገድ በላይ፣ ምሰሶ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ የሚሄደው ባቡር ... እሱ! ትናንት ከሆቴሉ መስኮት ያየነው። አንቺስ፣ ስልጠናው አለቀ እንዴ? ... እረፍት ወጣችሁ? እሰይ! እንግዲያው ጆሮሽን ስጪኝ።

— ይኼ ባቡር፣ የኔ ነርስ፣ ሹፌር የለውም! ... የለውም አልኩሽ! ከፊት ወለል ያለ መስታወት ብቻ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ከነተሳቢው እየነዳሁ፣ ያለ እኔ ዓለም የምትቆም ሲመስለኝ ኖሬ፣ ዛሬ ጉድ ሆንኩልሽ። መጀመሪያ አላመንኩም። ጎንበስ ብዬ ወንበር ሥር ሁሉ ፈለግሁት ... ሹፌሩን ነዋ! ... ሳቂ፣ ሳቂ። ደግሞ ፍጥነቱ! አንዲት ርግብ ከጎናችን ልትሽቀዳደም ሞክራ፣ ደክሟት ሰው ጣሪያ ላይ ቁጭ ስትል በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

— ቤቱማ በእጅ ይነካል! ጠዋት ከሆቴሉ ወደዚህ ስንመጣ አንድ ሰውዬ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በውስጥ ሱሪ ቆሞ ሸሚዙን ይተኩሳል ... እኔ ምን ላድርግ፣ ባቡሩ ነው ያሳየኝ! እጄን ባነሳለት ካውያውን አንስቶ ሰላም አለኝ። ከእሱ ቀጥሎ የጥርስ ሐኪም። በሽተኛው አፉን ከፍቶ ተንጋሏል። ባቡሩ እንዲያ እየበረረ ጥርሱን ቆጠርኩለት ... ሃያ ዘጠኝ! ... እንዴት ይባላል? የላዩን ከታቹ ደመርኩት ነዋ! ሐኪሙ ራሱ እንደ እኔ አላየውም።

— እማማ? ... አሉ፣ አሉ። ... እንዴት ወደውታል መሰለሽ! መስኮቱ ላይ ተለጥፈው ነው የሚሄዱት። ... ላገናኝሽ? አሁን? ... አይ፣ አሁንማ አይመችም ... ኧረ አልታመሙም! አልተኙም! ባቡር ላይ ናቸው አልኩሽ ... እኔ? እኔ ጣቢያው ላይ ነኝ። ... አዎ። ... አዎ፣ ሆዴ፣ ሁለቱ ይለያያሉ።

— ሄሎ? ... ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? መስመሩ ተቋረጠ መሰለኝ ... አልተቋረጠም?

— እሺ። እሺ፣ ልንገርሽ፣ ግን እንዳትጮሂ። ... እንዳትጮሂ ስልሽ እኮ ... እሺ ጩኺ። ... ጨረስሽ? ... ገና ነው? ቀጥዪ።

— አልሸሸግሽም። አደባባይ ስናይ ቆይተን ልንመለስ የጣቢያውን ደረጃ ወጣን። ሦስት መቶ ደረጃ ... እሺ፣ ሠላሳ። ቲኬቱንም ከማሽኑ ራሴ ቆረጥኩ፣ ያለ ማንም እርዳታ ... አንዲት ሴትዮ ቁልፉን ተጫነችልኝ፣ እሱንም ልንገርሽ እንግዲህ። ባቡሩ መጣ። በሩ ተከፈተ። "ይግቡ እማማ" አልኳቸው። "አይ፣ አንተ ቅደም" አሉኝ። "ኧረ በፍጹም! ምን ቆርጦኝ ነው እርስዎን የምቀድመው?" አልኩ። "በሞቴ" አሉ። "እኔ ልሙት" አልኩ። እሳቸው ክንዴን ይጎትታሉ፣ እኔ ጀርባቸውን ደገፍ አደርጋለሁ። በሩ ጢጥ ጢጥ ይላል። እኛ ማን ጢጥታ ሰምተን! በመጨረሻ "አንተ ሰው አታስቸግር" ብለው አንድ እግራቸውን ሲያስገቡ፣ እኔ ደግሞ ለአክብሮት አንድ እርምጃ ወደኋላ አልኩ። ... አዎ፣ ወደኋላ! በቃ፣ ግጥም! እሳቸው ውስጥ፣ እኔ ውጭ።

— እኛ ቤት በር ላይ እንዲያ ስንባባል እኮ ሻይ ይቀዘቅዛል እንጂ ሌላ ምን ይመጣል? ይኼ በር ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ... አውቃለሁ። ... አውቃለሁ፣ ሆዴ። "ከጎኗ ንቅንቅ እንዳትል" ብለሽኝ ነበር። እኔ መች ተነቃነቅሁ? የተነቃነቀው ባቡሩ ነው!

— ስልካቸው ሆቴል ነው፣ ቻርጅ ላይ። ... የሆቴሉን ስምማ እኔም አልይዘውም፣ እንኳን እሳቸው። ... ከአራት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ። ... ስንት ሰዓት ነው አሁን? ... አምስት ተኩል ሆነ እንዴ!

— ቆሜ አልቀረሁም! ምን ነካሽ? ወዲያው በሚቀጥለው ባቡር ዘለልኩ። ልደርስበት! መንገድ ላይ ማን ቀድሞኝ ያውቃል? ዳገት ላይ ጭነት ይዤ ሚኒባስ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ሁለት ጣቢያ ስሄድ ነው ነገሩ የገባኝ ... አዎ። ... አዎ፣ በአንድ ሐዲድ ላይ ባቡር ባቡርን አይቀድምም። አሁን ለአንቺ ቀላል ነው፣ እኔ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ፍሬቻ አብርቼ ስቀድም ኖሬያለሁ። ከዚያ ወረድኩና ልመለስ ብል የወዲያኛው መድረክ በየት በኩል እንደሚወጣ ጠፋኝ ... ተሳስቼ ወደ ገበያ ማዕከል ገባሁ ... ጫማ አልገዛሁም! ለካሁ ብቻ! መውጫውን የሚያሳየኝ ሻጩ ነበራ! እንዲያ ተንከራትቼ ነው ወደ መጀመሪያው ጣቢያ የተመለስኩት።

— ሄሎ? ... እያለቀስሽ ነው? ... ሆዴ። ስሚኝ። አሁን አልቀልድም። ፈርቻለሁ። ዳገት ላይ ፍሬን የበጠሰብኝ ጊዜ እንኳን እንዲህ አልሆንኩም። ባቡር በመጣ ቁጥር እየሮጥኩ መስኮት መስኮቱን አያለሁ፣ አረንጓዴ ሹራባቸውን ያየሁ ሲመስለኝ እማማ እያልኩ እጣራለሁ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ ከሰው አገር ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቁም። አንድ ነገር ቢሆኑ እኔ በየት በኩል ዓይንሽን አያለሁ?

— ነገርኩት እንጂ! የጣቢያው ጥበቃ እኮ ይኸው አጠገቤ ነው፣ ከቅድም ጀምሮ አልተለየኝም። ... በእኛ ቋንቋ ነዋ! ሌላ በምን ልንገረው? ጮክ ብዬ፣ ቀስ ብዬ ነው የምነግረው፣ ትንሽ ትንሽ እየገባው መጥቷል። ወንድሜ! አ-ማ-ቴ! አ-ረን-ጓ-ዴ! ... አየሽ፣ ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው ጥሩ ነው፣ አንድ ነገሩ ብቻ አናደደኝ። አማቴ ባልኩት ቁጥር ጣቱን አንስቶ እንዲህ ያሽከረክርብኛል። ... ጣቱን! ፊቴ ላይ፣ ክብ፣ ክብ። እብድ ነህ ማለቱ መሰለኝ። እኔም ዝም አላልኩትም፣ የራሴን አሽከረከርኩበት።

— ለእሱ ስጠው? ስልኩን? ... አንቺ በእንግሊዝኛ ታናግሪዋለሽ ለካ! ይኼን ቅድም ... እሺ፣ እሺ፣ ስድቡን ማታ ታደርሺዋለሽ። ወንድሜ፣ እንካ። ሚስቴ ናት። ነርስ ናት። በዚያ አይደለም፣ ጆሮህ ላይ አድርገው ... አዎ። ... ኧረ እንዴት ያዋራታል! ከእኔ ጋር እንዲያ ሲንተባተብ የነበረው ሰውዬ! ... ደግሞ ይስቃል። ምን ያስቃል? ምን አለችህ? ... ይኸው እንደገና ጣቱን አሽከረከረ! በስልክም ያሽከረክራል!

— አምጣ፣ አምጣ ... ሄሎ! ምን አለሽ? ... ክብ ነው? ምኑ? ... መስመሩ ክብ ነው?! ... ከተማዋን ዞሮ ዞሮ እዚሁ ይመጣል? ... በአርባ ደቂቃ! ... እና ሰውየው ከቅድም ጀምሮ ... ውይ! ይቅርታ፣ ወንድሜ! እኔ ሰደበኝ ብዬ ... ና እስቲ ልሳምህ! ... ምንም አይደለም፣ አቅፌው ነው። ደንግጧል፣ ይለምደዋል።

— ቆይ ቆይ፣ እኔ ጫማ ስለካ ... ማለቴ፣ መውጫውን ስፈልግ፣ እሳቸው አንዴ ዞረው መጥተው አልፈዋል ማለት ነዋ! ... እኔ ስከተላቸው እሳቸው ከኋላዬ! ... እሺ። ... እሺ፣ ከዚህች ቦታ ንቅንቅ አልልም። ምስማር ነኝ። ስምንት ሆነው ቢመጡ አይነቅሉኝም። ሁለተኛው ዙር መቼ ይደርሳል አለ? ... አሁን? አሁን አሁን?

— ምን ጮኸ? ... አንቺ ላይ ሌላ ስልክ እየገባ ነው? ... የማታውቂው ቁጥር? የዚህ አገር? ... አንሺው እንጂ! እኔን ተዪኝ፣ አንሺው! ... ሄሎ? ... ሄሎ?

— ወንድሜ፣ ሚስቴ ስልኩ ላይ አቆየችኝ። ሌላ ሰው እያናገረች ነው። እንግዲህ ወይ እሳቸው ናቸው፣ ወይ ... አንተ አማት አለችህ? ... ራስህን አትነቅንቅ ዝም ብለህ፣ አልገባህም። ጥሩ ሴት ናቸው። ቆጣ ይላሉ እንጂ ጥሩ ሴት ናቸው። ባቡሩ ሲሄድ በመስታወቱ ውስጥ እጃቸውን እንዲህ አድርገው ... ተወው በቃ።

— ሄሎ! አለሁ! አለሁ፣ ንገሪኝ! ... ራሳቸው?! ... ደህና ናቸው? ... ተመስገን! ኧረ ተመስገን! ወንድሜ፣ ደህና ናቸው! ... በማን ስልክ ነው? ... አንድ ተሳፋሪ። ቁጥርሽንስ ከየት ... በመሃረባቸው ቋጥረው! ይኸው፣ እኔ ካርታ ስልክ ላይ ጭኜ ጠፋሁ! ... አልፈሩም? ... ምን አሉሽ? ... "ልጄ ጠፍቶብኛል"? የትኛው ልጃቸው? ወንድምሽ እዚህ ምን ሊሠራ ... ማን? ... እኔ? ... እኔን ነው?

— ... አለሁ። አልዘጋሁም። ነፋስ ነው፣ ዓይኔ ውስጥ የሆነ ነገር ገባ፣ ከፍታ ላይ ነኝ እኮ። ... አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "ሹፌሩ በላ?"፣ "ሹፌሩ መጣ?" ሲሉኝ የኖሩ ሴትዮ! በሠርጋችን ዕለት እንኳን "ሹፌሩን ፎቶ አስነሱት" ነው ያሉት። እስቲ ድገሚልኝ። ... "ልጄ።" ... ስንት ጊዜ አሉ? ... ሁለት ጊዜ! ... ለሰው ስናገር ሰባት ነው የምለው፣ ከአሁኑ ልንገርሽ።

— ተሳፋሪው ሁሉ ምን ሆነ? ... "ልጄ" እያሉ በእጃቸው እንዲህ ሲያሳዩ ትንሽ ልጅ መሰላቸው? ... የአምስት ዓመት! ሙሉ ፉርጎ ሰው ተነሥቶ የአምስት ዓመት ሕፃን እየፈለገ ነው? ... ኧረ ንገሪያቸው እንጂ፣ ተደውሎ ፖሊስ ሳይመጣ! ... ነገርሻቸው? ምን ብለሽ? ... "ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ራሱ በራ፣ ሆዱ ቀድሞት ይደርሳል።" አመሰግናለሁ። ... "ሲያወራ ካያችሁት እሱ ነው።" በጣም አመሰግናለሁ፣ ሆዴ። እግዜር ይስጥልኝ።

— እስ! ... ሐዲዱ ነዘረ። ... መጣ! በመታጠፊያው ብቅ አለ! ወንድሜ፣ እሱ ነው? ... ጣቱን አሽከረከረ! እሱ ነው! ... ሆዴ፣ ብታይው! ሰዉ በሙሉ መስኮት ላይ ነው! የመጀመሪያው ፉርጎ በሙሉ! ክራቫት ያሰረ አለ፣ ግዢ የታቀፈች አለች፣ ሁሉም ግንባሩን መስታወት ላይ ለጥፎ ... አዩኝ! እየጠቆሙኝ ነው! እያጨበጨቡ ነው፣ እውነቴን ነው፣ ይኼንንስ አልጨመርኩበትም፣ በልጆቼ! ... አሉ! አየኋቸው! አረንጓዴ ሹራብ! መሃላቸው ቆመው በጣታቸው እየዛቱብኝ ነው! እያለቀሱ ነው፣ እየሳቁ ነው፣ እኔ እንጃ! እማማ! እማማ፣ አይውረዱ፣ መጣሁ!

— ስሚ፣ ቶሎ ስሚኝ፣ በሩ ሊከፈት ነው። ለወንድምሽ፣ ለጎረቤት፣ ለማንም ስትነግሪ የጠፉት እሳቸው ናቸው፣ ያገኘኋቸው እኔ ነኝ! እሺ? ... እሺ በይኝ እንጂ! ... ሄሎ? ... ሄሎ? ... እማማ፣ ይቺ ልጅዎ እኮ ስልኩን ዘጋችብኝ!