ከስክሪኑ አጠገብ ያለው

«አክስትዬ፣ እዚህ ሶፋው ላይ ነይ፤ በሩ አጠገብ ነፋስ አለ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ተሻለሽ? እሰይ። በይ አባዬ እስኪመጣ ትንሽ እናውራ…»

ይህን ብላ የፊልም ኤዲተሯ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ከአክስቷ ጎን ተቀመጠች። አባቷ የአውቶቡስ ሹፌርነቱን ትቶ ጡረታ የወጣው ዛሬ ነው። ስለ እሱ የተሠራው ፊልም ሊታይ ሳሎኑ በወንበር ተሞልቷል። ከአባቷ ኋላ ተቀምጣ ስንት ጎዳና አብራው እየዞረች የቀረጸችውም፣ ቆራርጣ የቀጠለችውም እሷ ናት። ታላቅ ወንድሟ ደግሞ አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሞ፣ ለገባው ሁሉ «ፊልሜን ልታዩልኝ ነው?» ይላል። በአጎታቸው ልጅ ሠርግ ጊዜም እንዲሁ ነበር፦ የሠርጉን ፊልም እሷ ሠራች፣ ለእሱ ተጨበጨበ።

«ቅድም ፊልሙን ስሞክረው ምስሉ ሲንቀጠቀጥ አየሽ አይደል? ዓይንሽ አይደለም፣ ላፕቶፑ ነው። እዚህ ውስጥ ምስል የሚሠሩ ሁለት ናቸው። አንዱ የላፕቶፑ አንጎል ከሆነው ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ቤተኛ በይው። ሌላው ለብቻው የተቀመጠ ግራፊክስ ካርድ ነው። ቤተኛው እንዴት ያለ ጨዋ መሰለሽ! አይሞቅ፣ አይጮኽ፣ ባትሪ አይጨርስ… ላብ ምን እንደሆነ አያውቅም። ደብዳቤ መጻፍ፣ ፎቶ ማሳየት፣ እንግዳ ፈገግ ብሎ መቀበል… ለዚህ ለዚህ ማን ይወዳደረዋል? ከበድ ያለ ሥራ ሲመጣ ግን… ምን ልበልሽ፣ ትሕትናው ይነሣበትና ‹ለሌላው ይሁን› ይላል።»

ገመድ ሊሰካ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ዞሮ የነበረው ወንድሟ እጁ ቀጥ አለ።

«ያኔ ያኛው ምስኪን ይነሣል። ይግላል፣ ማራገቢያው ያጓራል፣ ሲያዩትም አያምር። ሥራው ሲያልቅ ታዲያ ወደ ስክሪኑ የሚያወጣው ማን ይመስልሻል? ቤተኛው! መስመሩ በእሱ በኩል ነዋ። ከስክሪኑ አጠገብ መቀመጥ መታደል ነው፣ አክስትዬ። ደግሞ ሲያቀርብ ያምርበታል! እኔ ራሴ አንዳንዴ ሳየው ‹ይኼን ሁሉ ብቻውን?› ልል ይቃጣኛል።»

አክስቷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ወንድምየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ጆሮው ግን ከኋላም ቀልቶ ይታያል።

«ለምን ተንቀጠቀጠ አትዪኝም? ትናንት አንድ ደግ ሰው ለጓደኞቹ ሊያሳይ ወስዶት፣ ባትሪ እንዳያልቅ ብሎ ሥራውን ሁሉ ለቤተኛው ሰጥቶታል። ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም… ደግ ሰው ስሙ ሲነሣ አይወድ ይሆናላ። ይኸው የላፕቶፑ ቅንብር ውስጥ እገባለሁ… ፊልም ማጫወቻውን እመርጣለሁ… ለጠንካራው ካርድ እሰጠዋለሁ… አለቀ!»

ምስሉ ሳይደናቀፍ ፈሰሰ። አባቷ መሪውን እንደያዘ፣ መንገድ ለምታቋርጥ ሴት ቆሞ ሲስቅ ታየ። ያን ሳቅ ኤዲተሯ ናት በካሜራዋ ያስቀረችው። አባቷ ግን እስከ ዛሬ እሷን የሚያያት ካሜራ እንደምትይዝ ረዳት ነው፤ ፊልም የሚሠራው ልጁ ሌላ ነው፤ ወንድ ልጁ።

በሩ ተከፈተ፤ አባት ገባ፤ ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። «ማነው ያቀናበረው?» አለ ስክሪኑ ላይ እንደፈዘዘ። ወንድምየው ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ሪሞቱን ይዞ በወንበሮቹ መሀል እየተሽሎከሎከ መጣና እህቱ እጅ ላይ አስቀመጠው። «እሷ ናት» አለ ቀስ ብሎ።

አባቷ አንገቷን አቅፎ ግንባሯን ሳማት። እዚህ ላይ ዝም ብትል ይበቃ ነበር። ግን አፏ አሻፈረኝ አላት፤ ወደ አክስቷ ዞር አለች።

«አክስትዬ፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ ይመረቃል እኮ! እጁን ከድካም ይጠብቅለት፣ እስከ ዛሬ እንደጠበቀለት። ቆሞ ከመታየት አያጉድለው። ክብሩን፣ ሞገሱን ያብዛለት… ብቻ ፈጣሪ ሳይሰስት፣ አንድ ቀን፣ ትንሽም ብትሆን… የራሱ የሆነች ነገር ይስጠው። አሜን በይ እንጂ!»