ለጎረቤት የተዳረሰው የስኳር መለኪያ

ከውጫሌ ወደ ሐይቅ በምትሄደው ታክሲ ከፊቴ እናትና ልጅ ተቀምጠዋል። ገና ሳንነሳ ልጅቱ እናቷ ላይ ጮኸች።

«የስኳርሽ መለኪያ ወረቀት እንዴት ያልቃል እማ? ሙሉ ብልቃጥ አልነበር የገዛሁልሽ?»

«ሐሙስ ለዱዓ የመጡት ሴቶች ‹እኛንም ለኪን› አሉኛ።»

«እና እንደ ንፍሮ አዞርሽላቸው?»

«ቤቴ የመጣን ሰው እምቢ ልበል? ነውር አይደለም?»

«ነውር ትያለሽ! ዛሬ ጠዋት ላብ አጥምቆሽ ስትንቀጠቀጭ፣ ስኳርሽ ይውጣ ይውረድ በምን ልወቅ? ስኳር ላቅምሽ ወይስ መርፌሽን ልውጋሽ?»

«አላህ አተረፈኝ፤ አልሐምዱሊላህ።»

«አንዱ ወረቀት እኮ አንዴ ከተለካበት ይጣላል! ይኸው ሐይቅ ካጣን ደሴ ድረስ ልንንከራተት ነው።»

«በይ አትጩሂብኝ! ነገ ብሞት የሚቀብሩኝ እነሱ ናቸው።»

«እንዲህ ከቀጠልሽማ መች ነገ ድረስ ታቆያቸዋለሽ!»

«ወላሂ አንች ልጅ፣ ምላስሽ ከመርፌው ይብሳል።»

«አሁንም ገዝተን ስንመለስ ደጃፉ ላይ ተሰልፈው ይጠብቁሻል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አባርራቸዋለሁ!»

እኔም እናትየዋ ገዝታ ስትመለስ እንድትለካኝ ልለምናት የከፈትሁትን አፌን በነጠላዬ ጫፍ ሸፈንሁት።