ታቦቱ የቆመበት አጥር

ከደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ አጠገባቸው ላለችው ሴት ያወጋሉ።

«ከብቱ ውሃ የሚወርድበትን የወንዝ ዳር ከነመንገዱ አጠርኩት።»

«መንደሩ ዝም አለዎት?»

«ለመኑኝ እንጂ። ‹ዞራችሁ ውረዱ› አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ጥምቀት ደረሰ። ታቦቱ ወደ ወንዙ ሲወርድ የእኔ አጥር ጋ ቀጥ ብሎ ቆመ። አልንቀሳቀስም አለ።»

«እግዚኦ!»

«እኔም እንዳንቺው እግዚኦ አልኩ። ከፊት ወጥቼ ወደ ሕዝቡ ዞሬ፣ ‹ማነው የበደለ? ይናዘዝ!› ብዬ ጮህኩ።»

«ወይ አባቴ! አጥሩን ረስተውት?»

«ጭራሽ! ሁሉም አፍጥጦ ሲያየኝ፣ ማንን ነው የሚያዩት ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ።»

«ማን ነበር?»

«አጥሬ ነዋ!»

እግሬ ስር ያስቀመጥኩትን ጥቅል እሾሃማ ሽቦ ቀስ ብዬ ወደ መቀመጫው ስር ገፋሁት።