የእትዬ በሰለች ክብሪት

የእትዬ በሰለችን የጡረታ ሽኝት «የተከበራችሁ» ብዬ ረጋ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም! ከጠዋት ጀምሮ አንድ ወሬ ሊያፈነዳኝ ነው። እትዬ በሰለች፣ ወሬው የእርስዎ ነው፤ ግን መጀመሪያ ሳላማዎት አልነግርዎትም።

ያኔ እትዬ በሰለች ቢሯችን እንደተቀጠሩ፣ «አዲሷን የግጦሽ ባለሙያ አሊዩ አምባ አድርሳቸው» የተባልኩት እኔ ሾፌሩ ባየው ነኝ። አደረስኳቸውና መኪናዬ ውስጥ ሸለብ አደረገኝ። ጭስ ሸቶኝ ብነቃ ሜዳው ይነዳል! «እሳት! እሳት!» እያልኩ ጀሪካን ይዤ ሮጥኩ። ለካ የምጮኸው እኔ ብቻ ነኝ። የመንደሩ ሰው እርጥብ ቅጠል ይዞ ዙሪያውን ቆሟል፤ እትዬ በሰለች ዳር ላይ ቆሎ ይቆረጥማሉ።

«ማነው የለኮሰው?»

«እኔ ነኝ። ጀሪካኑን አስቀምጥና ቆሎ ዝገን።»

ክብሪቱን ከእጃቸው ቀማኋቸው! ለካ ፈቃድ ወጥቷል፣ ዳር ዳሩ ተመንጥሯል፣ ከመንደሩ ሼህ ኑርዬና ከሽማግሌዎቹ ጋርም ተመክሮበታል። «ሜዳውን እሾህ ዋጠው» አሉኝ፤ «ሣር ሥሩ መሬት ውስጥ ስለሆነ በጊዜው ቢቃጠል ይመለሳል፤ የእሾሁ ቡቃያ ግን ያልቃል።» አላመንኳቸውም። ክረምት ሲገባ ሣሩ ጉልበቴ ደረሰ!

ከዚያ ወዲያማ አሳሬን አየሁ። የደብረ ሲናን ቁልቁለት እየወረድን፣ ከኋላ ተሳቢው ጥሩምባውን እያንባረቀብን፣ «ባየው፣ አቁም!»

«ጎማ ነው?»

«ሣሩ አብቧል!»

በሠርጌ ቀንስ? ሙሽራዋ ስትገባ ሰው ሁሉ እልል ሲል፣ እሳቸው አጎንብሰው ጉዝጓዙን ያገላብጣሉ። «ይሄን ሣር ከየት አጨዳችሁት?» አሁንም ምግቡን ትተው እግርዎ ስር ያለውን ጉዝጓዝ ሲያዩ አይቻለሁ፤ አይካዱ!

ቀልዱ ይብቃ። ዛሬ ያ ሜዳ ወለል ብሏል። ትልልቆቹ ግራሮች ተራርቀው ቆመዋል፣ በመሃላቸው ከብት ይግጣል። ሼህ ኑርዬ እዚሁ አሉ፤ «ወላሂ፣ ድሮ እሾሁ ውስጥ ላሞቼን በደወላቸው ድምፅ ነበር የምፈልጋቸው፤ አሁን ደጄ ቆሜ አያቸዋለሁ» ብለውኛል።

አምና ግን «ባዶ መሬት ነው፣ ባሕር ዛፍ ይተከልበት» የሚል ሐሳብ መጣ። እትዬ በሰለች ስብሰባው ላይ ብድግ ብለው፣ «ምኑ ነው ባዶ? ሳሎንህ ሰፊ ነው ተብሎ ቁም ሣጥን ይደረደርበታል?» አሉ። መልሱ ሳይመጣ ጡረታቸው ደረሰ። ባለፈው ሳምንት መኪና ውስጥ፣ «ባየው፣ የከበደኝ መሄዱ አይደለም፤ ሜዳው ነው» ሲሉኝ የምለው ጠፋኝ።

ዛሬ ግን የምለው አለኝ! ጠዋት ተወሰነ፤ ሜዳው ሜዳ ሆኖ ይቀጥላል! ሽማግሌዎቹና ቢሯችን አብረው ሊጠብቁት ተስማምተዋል። እልል በሉ እንጂ!

እትዬ፣ ከእርስዎ በፊት ሣር ለእኔ መኪና ማቆሚያ ነበር። ዓይኔን ከፈቱልኝ፤ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። እንወድዎታለን።

አሁን ያኔ የቀማሁዎትን ክብሪት ልመልስ። ያኛውስ አልቋል፤ እንኩ፣ ይሄ አዲስ ነው። ዝናቡ አብቅቶ ሣሩ ሲደርቅ፣ ተራ የደረሰውን የሜዳውን ጥግ የሚለኩሱት እርስዎ ነዎት። እኔ አደርስዎታለሁ፤ ቆሎውንም እይዛለሁ።

ጠላም ብርዝም የያዛችሁ፣ ብርጭቆአችሁን አንሡ! ለእትዬ በሰለች ዕድሜና ጤና! መንገድ ላይ «አቁም!» ባሉኝ ቁጥር፣ ተሳቢው የፈለገውን ያህል ይጩህ፣ አቆማለሁ!