ወረቀት ወይስ ታብሌት፦ ብቻውን የሚበር ሰው ክርክር

ያን ዕለት ጉሙ ባይወርድ ኖሮ ሁለቱ አብራሪዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ባልተነጋገሩም ነበር። እኔ የአየር ጠባይ ባለሙያ ነኝ፤ ደመናና ነፋስ እያየሁ ያየሁትን ለአብራሪዎች መንገር ነው ሥራዬ። ቢሮዬ ከትንሿ አውሮፕላን ማረፊያ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ምድጃ ስላላትና ሻይ ስለማይጠፋባት፣ አየሩ ሲበላሽ መሄጃ ያጣ አብራሪ ሁሉ እኔ ላይ ይከመራል። ደስ ይለኛል ብዬ አልዋሽም፤ ጫማቸውን እንኳ ሳይጠርጉ ነው የሚገቡት። ማንም የማይመጣበት ቀን ግን ከዚያም ይብሳል።

መጀመሪያ የገቡት ጋሽ ወረቀት ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ እኛ ነን እንዲህ ያልናቸው። ባለ አንድ ሞተር የጭነት አውሮፕላን ያለ ረዳት ያበራሉ። መሬት በማይታይበት ጉም ውስጥ በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ ወደ መንደርደሪያው እንዴት እንደሚወረድ የሚያሳይ የአቀራረብ ካርታ የሚባል አለ፤ እሳቸው የየማረፊያውን ካርታ በወረቀት፣ በወፍራም ማኅደር አጭቀው ተሸክመው ይዞራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ አንዲት ልጃቸው ሩቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች፤ እምብዛም አይደዋወሉም። አንድ ጊዜ ቤታቸው ሄጄ፣ ከአንዱ ወንበር በቀር ሌሎቹ ሁሉ አቧራ ለብሰው አየሁ። ከዚያ ወዲህ በማኅደራቸው መቀለድ ትቻለሁ።

«የአውሮፕላኑን ቁልፍ ላስረክብ ነው» አሉኝ ገና ኮታቸውን ሳያወልቁ።

«ምነው ጋሼ? ምን ተፈጠረ?»

«የድርጅቱ ባለቤት ብቻውን የሚበር ሁሉ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ካርታውን ከወረቀት ሳይሆን ከታብሌት እያየ ይሥራ ብሏል። ያልፈለገ ቤቱ ይቀመጥ አለ።»

«ቤት ተቀምጠው ምን ሊሠሩ ነው?»

«ግድግዳ አያለሁ!» አሉና ሻዩን ተቀበሉኝ።

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳና አንዲት ወጣት አብራሪ ገባች። የሌላ ድርጅት ሠራተኛ ናት፤ እሷንም ያገዳት ያው ጉም ነው። ጫማዋን ጠርጋ በመግባቷ በልቤ መረቅኋት። ብብቷ ሥር ግን ታብሌት ይዛ ነበርና ሽማግሌው ገና ሲያዩት ፊታቸው ተቀየረ።

«ይኸው! ሰይጣን ሲጠሩት መጣ» አሉ።

ልጅቷ ደነገጠች። «እኔን ነው ካፒቴን?»

«አንቺንማ ምን በወጣሽ ልጄ፤ ተቀመጪ። የያዝሽውን ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ በዚህ ነገር ገለልተኛ አልነበርኩም። ትምህርት ቤት የገባሁ ሰው ነኝ፤ አዲስ ነገር አልጠላም። ግን እኔ ስናገር ሰውየው ይቆጣሉ፤ ስለዚህ ምላሴን ነክሼ ምድጃውን ቆሰቆስኩ።

«እስቲ ካፒቴን፣ ምኑን ነው የጠሉት?» አለች ልጅቷ በትሕትና።

«ባትሪ አለው። ባትሪ ደግሞ ያልቃል። ወረቀት አልቆብኝ አያውቅም።»

«እውነት ነው፣ ያልቃል። ፀሐይ ሲመታውም ግሎ ይጠፋል። ለዚህ ነው እኔ ሁለት የምይዘው። አንዱ መሪው ላይ፣ ዓይኔ ፊት ይታሰራል፤ ሁለተኛው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከመነሳቴ በፊት የዛሬ መድረሻዬን ካርታ በወረቀትም አትሜ ከጎኔ አስቀምጣለሁ። ወረቀት ጠላቴ አይደለም።»

«ካርታው ላይ ትንሽ አውሮፕላን እየሄደች ታሳያለች ሲሉ ሰምቻለሁ። ሰው እሷን ሲያይ ተራራ ቢገጭስ?»

«እሷን ብቻ የሚያይ ይገጫል። እኔ የምበረው በአውሮፕላኑ መሣሪያዎች ነው። ትንሿ ምልክት የት አካባቢ እንዳለሁ ታስታውሰኛለች እንጂ አትመራኝም።»

ሽማግሌው ሻያቸውን ማማሰል አበዙ። ልጅቷ ተነሣች።

«ካልተቀየሙኝ አንድ ነገር እንሞክር። ይህ ወንበር አውሮፕላንዎ ነው። በግራ እጅዎ ይህን ትሪ ይያዙ» አለችና እስከ አፉ የሞላ የሻይ ብርጭቆ ትሪው ላይ አስቀመጠች። «ትሪው ክንፍዎ ነው፤ ሻዩ አይፍሰስ። በቀኝ እጅዎ እንደ ልማድዎ ካርታዎን ያውጡ። እርስዎ ደግሞ ከማማው በሬዲዮ የሚመራን ተቆጣጣሪ ይሁኑልን» አለችኝ ዞር ብላ።

«ለጨዋታ ዕድሜዬ አልፏል» አሉ ሽማግሌው፤ ግን ተቀበሉ። ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው ያምራል። ትሪው ንቅንቅ አላለም። እኔም ኮራሁባቸው።

ልጅቷ በጆሮዬ ሹክ ያለችኝን ተቀብዬ፣ «ነፋሱ ዞሯል! በምሥራቅ መግባቱ ቀርቷል፣ በምዕራብ በኩል ይግቡ!» አልኩ።

አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ነውና፣ የምዕራቡን ካርታ ፍለጋ ማኅደሩን ገለበጡ። አንዱ ወረቀት ሾልኮ ወንበሩ ሥር ገባ። ሊያነሡት ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ብርጭቆው ተደፍቶ ሻዩ ሱሪያቸውን አርሶታል።

ማናችንም አልሳቅንም። ሽማግሌው የረጠበውን ጉልበታቸውን አተኩረው አዩ።

«ባለፈው ሳምንት እንዲህ ነው የሆነው» አሉ በመጨረሻ። «ደመና ውስጥ ነበርኩ። ወረቀቱን ላነሣ ጎንበስ ብዬ ቀና ስል ጭንቅላቴ ዞረ። አውሮፕላኑ በአንድ ጎኑ ተኝቷል፤ እኔ ግን ቀጥ ብዬ የምሄድ መስሎኝ ነበር። እንዴት እንደመለስኩት እንጃ። ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ልናገር?»

«እንዴ ጋሼ! ለእኔ አይነግሩኝም?» አልኩ፤ ከልቤ አዝኜ ነበር።

«አንተ ትቆጣለህ» አሉኝ።

ልጅቷ ሌላ ብርጭቆ ሞልታ ታብሌቱን ፊታቸው ደገፈችው። ከመነሣታቸው በፊት የምሥራቁንም የምዕራቡንም አቀራረብ ጎን ለጎን እንዲያዘጋጁ አሳየቻቸው። መጀመሪያ ጣታቸው ስቶ የሌላ ከተማ ካርታ ከፈቱና «ይኸው፣ አገር ለቀቅን!» ብለው ራሳቸው ሳቁ። በኋላ ግን እኔ ነፋሱን ሳዞርባቸው አንዴ ነካ አደረጉ፣ አዲሱ ካርታ መጣ፤ አንገታቸውም አልጎነበሰ፣ ሻዩም አልፈሰሰ።

«ገባኝ» አሉ። ፊታቸው ግን አልፈካም። «የማልፈልገው ስላልገባኝ አይደለም። ድሮ ሁለት ሆነን ነበር የምንበረው። ረዳቴ ያነብልኛል፣ እኔ አበራለሁ። እየቀለደ ያነባል። በኋላ ድርጅቱ አንድ ሰው ይበቃል ብሎ አስወጣው፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እነዚህን ወረቀቶች የደረደረው እሱ ነው። አሁንም ጮክ ብዬ አነባለሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ከዚያ በቀር የሰው ድምፅ የለም።»

ልጅቷ፣ «ጮክ ብሎ ማንበቡን እንዳይተዉት ካፒቴን» አለች። «እኔ በዓይኔ ብቻ ሳነብ ካርታው ላይ የተጻፈ የከፍታ ቁጥር ዘልዬ አውቃለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንደ እርስዎ አነባለሁ። ብቻውን የሚበር ሰው የሁለት ሰው ሸክም ነው የተጫነው። ከእጁ ላይ ቢቀልለት ማንንም አልከዳም።»

ሽማግሌው ማኅደሩን ዘጉ። «በይ፣ ከመጀመሪያው አሳዪኝ» አሉ። ጉሙ ተገፍፎ እኔ ራሴ ሂዱልኝ እስክል ድረስ አልተነሡም።

ወሩ ከገባ በኋላ አንድ ከሰዓት ደመናው ጣሪያ ሊነካ ደረሰ። በሬዲዮ ሳዳምጥ ጋሽ ወረቀት እየወረዱ ነው። ተቆጣጣሪው በድንገት «ነፋሱ ዞሯል፣ በሌላው በኩል ይግቡ» ሲላቸው ወንበሬን ለቅቄ ቆምኩ። እሳቸው ግን ወዲያው፣ ረጋ ብለው፣ «እሺ፣ ተዘጋጅቻለሁ» አሉ። ጥቂት ቆይቶ ጎማቸው መሬት ነካ።

ቢሮዬ ሲገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ።

«ምነው? ከበደዎት?»

«ቀለለኝ እንጂ! ሌላ ጊዜ ወረቀት ስፈልግ፣ ስገለብጥ፣ መሬት ሳላስበው እደርሳለሁ። ዛሬ ሁሉም ነገር ፊቴ ተቀምጦ እጄ ሥራ ፈታ። ያኔ ፈራሁ። እዚህ ብወድቅ ለልጄ ማን ይነግራታል ብዬ አሰብኩ። እስከ ዛሬ ለመፍራት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም።»

አንባቢ ሆይ፣ ጥቅሙ ይኸው ነው። መሣሪያው ካርታውን ዓይን ፊት ያቆማል፤ አንገት ከመጎንበስ፣ ጭንቅላት ከመዞር ያድናል፤ ተለዋጩን መንገድ አስቀድሞ ያዘጋጃል። ባትሪውን ሞልቶ፣ ምትኩን ይዞ፣ ዓይኑን ከአውሮፕላኑ መሣሪያዎች ሳይነቅል ለሚሠራበት ሰው፣ ለማሰብ የሚሆን ፋታ ይሰጠዋል። በፋታው ምን እንደሚያስብ ግን የራሱ ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ለምን አይደውሉላትም?» አልኳቸው።

«ምን ብዬ ልጀምር?»

«ስታነሣው ይመጣልዎታል» አልኩና ስልኬን ሰጠኋቸው። እኔ ደመና የማይ መስዬ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ስልኩ ብዙ ጠራ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «እኔ ነኝ» አሉ። ወዲያው ደግሞ ደንገጥ ብለው፣ «የለም፣ የለም፣ ማንም አልሞተም ልጄ። እንዲሁ ነው የደወልኩት» አሏት።