ሊሳለም የሄደው ቁልፍ

ጠዋት ነቀምቴ ታክሲ ውስጥ፣ ከጎኔ የተቀመጠ ተማሪ ነጠላ የለበሱትን ሴት ጠየቃቸው።

«አዴ፣ ቁልፉ ላይ ያለው መከታተያ ነው?»

«አዎ። የጎረቤቴ ነው። ቁልፍ እየጠፋት ብትቸገር ልጇ ከአዲስ አበባ ላከላት።»

«ታዲያ እርስዎ ጋ ምን ይሠራል?»

«እሷ ታማ ተኝታለች። ልጇ ያለችበትን በስልኩ ያያል። በየጠዋቱ ትሳለም ስለነበር፣ እንዳይጨነቅ ቁልፏን ቤተ ክርስቲያን ወስጄ እመልሳለሁ።»

«ደውሎ ‹የት ነሽ› ቢላትስ?»

«መዋሸት ትፈራለች። ‹እያየኸኝ ምን ትጠይቀኛለህ?› ትለዋለች።»

«ኧረ ይንገሩት!»

«ትናንት ነገርኩት። እየመጣ ነው፤ አሁን አኖ ከተማን አልፏል።»

«ታዲያ ዛሬ ቁልፉን ለምን ያዙት?»

«እንዳትጠረጥር ነዋ! መምጣቱን ካወቀች ከአልጋ ወርዳ ቤት መጥረግ ትጀምራለች።»

ቡርቃ ጃቶ ስወርድ፣ በመንገድ ላይ ላለው፣ ስሙን እንኳ ለማላውቀው ልጅ «በሰላም አግባው» አልኩ በልቤ።