ከጓሮ የወጣ ቡላ
አባቴ «የእግዜር ጓዳ ወዴት እንደሆነ አይታወቅም» ይል ነበር፤ ሀዲያ ምድር፣ ሌሞ እስክደርስ ግን ለወሬ ማሳመሪያ የሚላት ነበር የምትመስለኝ። ወደ ሆሳዕና ስንጓዝ ባለቤቴን መንገድ ላይ ምጥ ያዛትና በማናውቃቸው በአንዲት የሀዲያ እናት ቤት ተገላገለች። ስንቃችን አልቋል፤ ጡቷም ወተት እምቢ አለ፤ የሕፃኑ ልቅሶ እየቀጠነ ሄደ። ዓይኔን ባማትር በቤቱ አንድ ቁና እህል አይታይም። «ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» ብዬ ደጅ ቆምኩ።

ሴትዮዋ መቆፈሪያ ይዘው ወደ ጓሮ፣ ወደ እንሰቱ ሥር ሄዱ። አፈሩን ገልጠው የተጠቀለለውን ቅጠል ሲፈቱ ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ።

«አፈር ሊያበሉን ነው እንዴ?» አልኩ።

ሳቁብኝ። «ቡላ ነው! ይልቅ እንጨት አምጣ።»

ከጉድጓዱ ያወጡት እንደ ወተት የነጣ ነበር። ገንፎ ሠርተው በቅቤ አበሏት። ባለቤቴ ላብ በላብ ሆነች፤ ቆየት ብሎ ሕፃኑ ጠብቶ ሲውጥ ሰማሁት። አማተብኩ።

«እናቴ፣ ይህን ለማን ብለው ነው የቀበሩት?» አልኳቸው።

ድስቱን እየጠረጉ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ለልጄ አራስነት ነበር። እሷ ገና ናት፤ ያንተዋ ቀደመቻት።»